በአባቴ ገበጣ ላይ የተፈታው ካምቢዮ

«ያንቺ ነው እንዴ የሚሸተው?» አለኝ ወንድሜ፣ ሜክሲኮ ከባቡሩ ድልድይ ሥር መብራት ይዞን እንደቆምን።

የኔ! የኔ ነው ወይ አለኝ እኮ! ታላቄ ባይሆን፣ ጉልበቱም ባያመው፣ እዚያው በሩን ከፍቼ አወርደው ነበር። የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ያረረ ሽሮ ላይ ጋዝ ጠብ ያለበት ይመስላል፤ አንዴ ያሸተተው ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። መስኮቴን አውርጄ (የኔ መስኮት እስከ ዛሬ በእጅ ነው የሚዞረው) ከጎናችን የቆመችውን አሮጌ የመስክ መኪና አየሁ። ሾፌሩ ክንዱን መስኮት ላይ አስደግፎ ስልኩን ያያል። «ልጄ፣ ካምቢዮህ እየነደደ ነው! ዘይቱን ለክተኸዋል?» አልኩት። «ማዘር፣ ትናንት ለክቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው» አለኝ። «ሞተሩ እየሠራ ነው የለካኸው ወይስ ጠፍቶ?» «ጠፍቶ ነዋ!» «እንግዲያው አልለካኸውም! አሙቀህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ለካው!» መብራቱ ለቀቀና ከኋላችን ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብን። ከፊታችን ኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፅ ሳያሰሙ እልም አሉ። ወንድሜ መስኮት መስኮቱን እያየ ይስቃል። እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቶ፣ ተክለ ሃይማኖት እስክንደርስ ድረስ ሌላ ዘመን ውስጥ ነበርኩ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ እናንተው ገምቱ። ቤንዚን ሊትሩ ሦስት ብር ያልሞላበት፣ አንድ ብር ይዞ ካፌ የገባ ሰው ማኪያቶ ጠጥቶ የሚወጣበት፣ የቢሮ ሴት ሁሉ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ኮት የምትለብስበት ጊዜ ነው። ኮቱ ትከሻችንን የወታደር አስመስሎት ነበር፤ ያኔ ግን አምረንበታል። ልደታም እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። አሁን እኔ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ የአንዱ ግቢ ቴፕ ለሦስት ግቢ ይበቃል፤ አንዱ ካሴት ሲገለብጥ ሌላው «ተው፣ ያኛው ጎን ይሻላል!» ብሎ በአጥር ላይ ይጮሃል። የኛ ግቢ መሐሉ ላይ የኮክ ዛፍ ነበረበት። ዛሬ ያ ቦታ የት ጋ እንደሆነ ስጠየቅ፣ የልጆቹ መጫወቻና የቆሻሻ ገንዳው መካከል ነው እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

ግራ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ ወስዶብኛል። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ የግራ ጫማዬን ሶል በሦስት ጣት ከፍ አድርገው ይሠሩልኛል፤ ጥቁሩ ለሥራ፣ ቡናማው ለክት። ሥራዬ ታይፒስትነት ነው፤ እጄ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚደርስብኝ አልነበረም። ችግሩ መሥሪያ ቤቱ መድረሱ ነበር። ታክሲ ስሳፈር ወያላው በብብቴ ይዞ ብድግ ያደርገኛል። «አይዞሽ እናቴ፣ ቀስ» ይላል፤ ልጁ በቅንነት ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመቴን አልፌ፣ ኮት ለብሼ፣ ሊፕስቲክ ተቀብቼ፣ እንደ ሕፃን ብድግ መደረጉ ያንገበግበኝ ነበር። ቤት ገብቼ ያለቀስኩበትን ቀን አልቆጥርም። እንዲያውም ዝናብ ሲሆን አይቆሙልኝም፤ ጊዜ ትወስዳለች ብለው ያልፉኛል።

እቁብ የደረሰኝ ሰሞን አንድ የውጭ ድርጅት መኪኖቹን በጨረታ ሸጠ። ሄድኩ። ወንዶቹ መኪና ለመኪና እየዞሩ ጎማ ይረግጣሉ፣ ኮፋኖ ይከፍታሉ። አንዲት ነጭ፣ ረጅም የመስክ መኪና ጋ ሲደርሱ አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና «ኧረ ይቺ ፍሪሲዮን የላትም፣ አውቶማቲክ ናት!» አለ። ጀርባቸውን ሰጧት። «የሰነፍ መኪና ናት»፣ «ብትበላሽ የሚፈታት የለም» ይባባላሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ፔዳል! ሁለቱም ደግሞ ለቀኝ እግር፤ በግራ የሚረገጠው ፍሪሲዮን የለም! ልቤ ዘለለ። ይህችን መኪና የሠራ ሰው እኔን አይቶኝ ነው የሠራት አልኩ። ያንን የተናቀ ነገር በተናቀ ዋጋ አሸንፌ ወጣሁ። ቴፑ ውስጥ የፈረንጅ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር፤ አይወጣም፣ አይገለበጥም፤ ስንት ዓመት ያንኑ አንዱን ጎን ሰማን። ቋንቋውን ሳናውቀው ሰፈሩ በሙሉ አብሮን ያዜም ነበር። ነጯ አልኳት፤ እስከ ዛሬም ነጯ ናት።

መንዳት ያስተማረኝ ይኸው ወንድሜ ነው፣ ወንድም ጋሼ ታዬ። የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ቆዳ ጃኬት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ጥርሱ ላይ መፋቂያ። መሪ የያዘ ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል። «ቁልቁለት ስትደርሺ ፎሌ በያት!» ይለኛል፤ ማርሹን አውጥተሽ በገዛ ክብደቷ ልቀቂያት ማለቱ ነው። «ቤንዚን ሳትጠጣ በነፃ ትወርጃለሽ። የኛ ሰው በዚህ ነው ቤት የሠራው።» እኔም ታላቄን አምኜ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ስወርድ ፎሌ፣ ከፒያሳ ስወርድ ፎሌ፤ ሜዳው ላይ ስደርስ ቷ አድርጌ ወደ ማርሹ እመልሳታለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነገሥኩ። ወያላዎቹ «እናቴ አለፈላት!» እያሉ ያፏጩልኛል፤ እኔም ጡሩምባ እመልስላቸዋለሁ። ዝናብ ሲጥል ጓደኞቼን ከመንገድ እየሰበሰብኩ አደርሳቸው ነበር። ለሰው «ግባ» ማለት ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ «ግቢ» ሲባል የኖረ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ታመመች። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ያ ሽታ መጣ። ሦስት መካኒኮች አዩዋት፣ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የተናገሩት፤ አውጥተሽ ጣዪው፣ ማኑዋል ካምቢዮ ይግባላት። አንደኛው «አውቶማቲክ ከታመመ ይቀበራል እንጂ አይታከምም» አለኝ፣ ያውም እየሳቀ። ወንድም ጋሼም ከመንገድ ሲመለስ ነገሩን በአንድ ጉርሻ ጨረሰው።

«ማኑዋል ይገባላታል፣ አለቀ።»

«ፍሪሲዮኑን በየትኛው እግሬ ነው የምረግጠው?»

«እኔ እነዳልሻለሁ፣ አስኩ። እኔ እያለሁ ምን ቸገረሽ?»

«በወር ስንት ቀን ነው አዲስ አበባ የምትሆነው?»

በጣቱ ቆጠረ። «ስምንት» አለ።

«ሃያ ሁለቱን ቀን ማን ይነዳልኛል? ወያላው በብብቴ ይያዘኝ?» ስለው ዓይኑን ሰበረ። ይወደኛል፤ ስለሚወደኝም ነው የሚያስቸግረኝ። «ከቆመ መኪና የሚሄድ ይሻላል» ብሎ መፋቂያውን ጣለ። «በሚቀጥለው ዙር ስመለስ ካምቢዮ ፈልጌ እመጣለሁ። እስከዚያ የሚያድናት ካገኘሽ፣ እሰየው።» በማግሥቱ ወደ አሰብ ወረደ። እኔ ደግሞ ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ወያላው ብድግ ሲያደርገኝ አንገቴን ማቀናት አቃተኝ።

ጋሽ ከድርን ያገኘልኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። በመንገድ ሥራ ላይ ግሬደርና ሎደር ሲፈቱ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ግሬደርም ያለ ፍሪሲዮን ነው የሚሄደው፤ እሳቸው አይፈሩትም» አለኝ። መጡ፤ ቀጭን፣ ቱታቸው በካውያ የተተኮሰ ሽማግሌ። ኮፋኖ ከፍተው የዘይት መለኪያውን መዘዙ፤ ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ዘይቱን ጠብ አደረጉበት፤ አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ መኪናዋን ትተው እኔን አዩኝ።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ የሚላት ማነው?»

ደነገጥኩ። ከመሐረቡ ላይ ኃጢአቴን ያነበቡ መሰለኝ። «እኔ ነኝ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ» አልኩ። ወንድሜን ለባዕድ አሳልፌ አልሰጥም።

«ልጄ፣ ይህ ካምቢዮ ሆዱ ውስጥ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ፎሌ ስትያት ሞተሩ ያንቀላፋል፣ ፓምፑም ያንቀላፋል። ጎማው ግን ይበርራል። ከዚያ በዚያ ፍጥነት ማርሽ ስታስገቢባት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፍሪሲዮኖች በደረቁ ይፋጩና ይነዳሉ።» መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «አትሞትም። ግን አንዴ ነው የምከፍታት። የፍሪሲዮኖቹን ዲስኮች የእህቴ ልጅ ከዱባይ ታመጣለች፤ አንድ ሙሉ ዕቃ ብቻ ነው የምታገኘው። ከተበላሸ ሁለተኛ የለም።»

ጋሽ ከድር ሥራቸው እንደ ሌላው መካኒክ አይደለም። ሌላው መሬት ላይ ካርቶን ዘርግቶ ነው የሚፈታው። እሳቸው የዕቃ ቤታችንን ወለል ሦስት ጊዜ አሳጠቡኝ፤ በሥራ ቀን ግቢው እንዳይጠረግ ከለከሉ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አቧራ ያመጣል ብለው ጠዋት ጠዋት ብቻ ይሠራሉ። «አንሶላ» አሉኝ። ያመጣሁትን አይተው «ነጭ» አሉኝ። የክት አንሶላዬን፣ ባለ ጥልፉን፣ ልቤ እየደማ አነጠፍኩላቸው። ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት። ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ «ኦፕራሲዮን ተጀመረ» እያለ ይሳለቅ ነበር። ካምቢዮው ተፈትቶ አንሶላው ላይ ሲዘረጋ ግን የሚስቅ ጠፋ። እኔም ያን ሁሉ ብልት ሳይ፣ ይህን ነው እንዴ እንደ በርሜል ሳንከባልለው የኖርኩት አልኩና አፈርኩ።

ዲስኮቹ ከዱባይ ደርሰው ከገቡ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ እሳቸው «አንጎሉ» የሚሉት ክፍል ተከፈተ። ዘይቱ በየትኛው ጊዜ የትኛውን ማርሽ እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። ውስጡ ብይ የመሰሉ ትንንሽ የብረት ኳሶችና ቀጫጭን ስፕሪንጎች ተሰግስገዋል። ስፕሪንጎቹ መንትያ ይመስላሉ፤ ግን አንዱ ጠንካራ ነው፣ አንዱ ለስላሳ፤ ቦታቸው ከተለዋወጠ ማርሹ ያለጊዜው ይገባና አዲሱ ዲስክ ይቃጠላል። «ቦታ ቦታ ያለው ዕቃ አለሽ? እያንዳንዱን ለብቻው የማስቀምጥበት» አሉኝ። አሰብኩና የአባቴን ገበጣ አመጣሁ፤ ከወይራ የተጠረበ፣ ባለ አሥራ ሁለት ቤት፣ ሁለት ረድፍ። ዓይናቸው በራ። «ማሻአላህ! ለዚሁ የተሠራ ነው!» የየቀዳዳውን ኳሶችና ስፕሪንጎች በተራ በየቤቱ አስቀመጡ። የፊተኛው ረድፍ አምስት ቤት ሞላ፣ አንድ ባዶ ቀረ፤ የማዶው አራት ሞላ፣ ሁለት ባዶ ቀረ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። «ጁምዓ ሰግጄ እመጣለሁ። ማንም እንዳይነካ፤ ዓይንሽን እንዳትነቅይ» ብለውኝ ወጡ። በርጩማ ይዤ እንደ ዘብ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤት ቤት ስልክ ተጠራሁ፤ ያኔ ስልክ ያለው ለሰፈሩ አንድ ቤት ነው። ወንድም ጋሼ ነው፣ ከአዋሽ። «አስኩ! ሱማሌ ተራ ከመለዋወጫ ሻጮቹ ካምቢዮ ተገኝቷል፣ በሰው አስይዣለሁ! እሑድ ጭኜው እመጣለሁ!» ደስታው በሽቦው ውስጥ ያልፋል። «ቆይ፣ እየተሠራች ነው እኮ» እላለሁ፤ እሱ ደግሞ «ምን? አይሰማም!» ይላል፤ መስመሩ ተቆረጠ። በሦስት ጣት ሶሌ እየተንገዳገድኩ ስመለስ የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

አባባ ዘለቀ ገበጣው ፊት ቁጢጥ ብለዋል። አባባ ዘለቀ የግቢያችን ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት በዚያ ገበጣ ላይ ተጣልተው ታርቀዋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚያጫውታቸው እኔ ነበርኩ። ያ ገበጣ ወጥቶ፣ በየቤቱ ፍሬ ተቀምጦበት ሲያዩ እጃቸው አስችሎት ዝም ይበል? እጃቸውን ወደ አንዱ ቤት ሲዘረጉ ደረስኩ።

«አባባ!!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸውን እንደ እሳት ሰበሰቡ። «ምንም አልነካሁ! ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ በልደታ!» አሉ። ግን የፊተኛው ረድፍ ባዶ የነበረው ስድስተኛ ቤት ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ ተቀምጣለች። ከማዶውም አምስተኛው ቤት ውስጥ ስፕሪንግ ገብቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሑድ የሚመጣው ካምቢዮ፣ የወያላው እጅ፣ የታክሲው ሰልፍ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ሄደ። አለቀሰች ብላችሁ ጻፉ፤ አዎ፣ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር ያን ጊዜ ነው የደረሱት። ገበጣውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አባባን አዩ። አልጮሁም። «ሱብሃነላህ» ብለው ጫማቸውን እንዳወለቁ በሩ ላይ ቀሩ።

አባባን ብንጠይቃቸው ይምላሉ እንጂ አይናዘዙም፤ ሽማግሌ በአደባባይ ሌባ አይባልም። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁና ከገበጣው ማዶ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ጨዋታውን የጀመሩት ከየት ነው? ከሦስተኛው አይደል? እርስዎ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ነው የሚነሡት።»

«ታዲያስ! ከሦስተኛው የማይነሣ ገበጣ ያውቃል?» አሉ፤ ሳያስቡት ወጣባቸው። ጋሽ ከድር ቀረብ አሉ።

«ሦስት ፍሬ ነበረበት። አንድ አራተኛው ላይ፣ አንድ አምስተኛው ላይ፣ የመጨረሻዋ ባዶው ቤት ላይ ወደቀች። ተራዎ አለቀ።»

«አለቀ። ከዚያ ለአባትሽ ተጫወትኩለት» አሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ማዶው የሱ ነበር እኮ። እሱ ከሁለተኛው ነበር የሚነሣው። ሦስት አነሣሁለት፤ እሱም ባዶ ላይ ወደቀበት። ከዚያ አንቺ ጮህሽ።»

«ጠጠሩን አይረሱም፣ አባባ?»

«ሠላሳ ዓመት አባትሽ አጭበርብሮኝ ያልረሳሁ፣ ዛሬ እረሳለሁ?»

«እንግዲያው ወደ ኋላ እንጫወት።»

ግቢው በሙሉ በር ላይ ታፍኖ እያየን፣ ገበጣ ወደ ኋላ ተጫወትን። በአባቴ በኩል የመጨረሻዋን ከአምስተኛው አነሣሁ፤ ከአራተኛውና ከሦስተኛው ደግሞ ኋላ የገባችውን፣ ከላይ ያለችውን፣ በወረንጦ፤ ሦስቱን ወደ ሁለተኛው ቤታቸው። አባባም በበኩላቸው ከስድስተኛው፣ ከአምስተኛው፣ ከአራተኛው ለቅመው ወደ ሦስተኛው መለሱ። የመርፌ ሰው ናቸው፤ አንዲቷም ከእጃቸው አልወደቀችም። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ስፕሪንጎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጓቸው። «የሁለቱን መንትዮች ጥንካሬ በእጄ አውቀዋለሁ፤ የሌላውን ቦታ ግን እናንተ ባትመልሱት አላገኘውም ነበር» አሉ። አንዱን ጫኑ። «አዎ።» ሌላውን ጫኑ። ቆዩ። «አዎ፣ ወላሂ! ቤቱ ነው!» እልልታው ከበር ላይ ተነሣ። አባባ ዘለቀ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እኔ ባልነካው ኖሮ እንዲህ በደንብ አታውቁትም ነበር» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ተገጠመች። ጋሽ ከድር ከተጣለ ሎደር ላይ ያወጧትን፣ መጽሐፍ የምታህል የዘይት ራዲያተር ከፊት አሰሩላት። «ዘይቱ ከሞተሩ ሙቀት ተለይቶ እዚህ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው ለሌላ አገር ነው የሠራት፤ እኛ ለአዲስ አበባ ዳገት አሻሻልናት» አሉ። ሕጉንም በቃል አስያዙኝ፤ ዘይቱ ጊዜውን ጠብቆ ይቀየራል፣ ሲሞቅና ሞተሩ ሲሠራ ይለካል፣ ፎሌ በሕይወቷ አይደገምም።

እሑድ ወንድም ጋሼ ጭነቱን ይዞ ከች አለ። ማኑዋሉ ካምቢዮ ከኋላ ተጋድሟል። «የታለ መካኒክሽ? እናውርደው!» ይላል። ነጯን አስነሥቼ ከግቢው ስወጣ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ግባ» አልኩት። አቤት፣ ያቺን ቃል ስላት! ከፊት እሱ፣ ከኋላ ጋሽ ከድርና አባባ ዘለቀ ሆነው፣ እንጦጦን ይዘናት ወጣን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ስንቱ መኪና ኮፋኖውን ከፍቶ ጥግ ላይ ይተነፍሳል። ነጯ ግን አንድ ማርሽ ወረደችና ቀጥ ብላ ያዘችው። ሽታ የለ፣ መንሸራተት የለ። ካሴቱ ያንኑ ጎን ይዘፍናል፣ አባባ ዘለቀ በማያውቁት ቋንቋ ይቀበላሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ እጄን ከመሪው ላይ አንሥቼ እልል አልኩ። የወንድም ጋሼ ዓይን እርጥብ ነበር።

ስንወርድ ነው ጉዱ። ቁልቁለቱ እንደጀመረ የወንድም ጋሼ እጅ፣ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ ወደ ማርሹ ሄደ። «ፎሌ በያት እንጂ፣ ነዳጁን...» ሳይጨርስ እጁን ጯ አደረግኩት። ከኋላ የጋሽ ከድር ድምፅ መጣ፤ «አሃ! አንተ ነህ ለካ!»

ወንድም ጋሼ ወደ ኋላ ዞረ። «ምኑ?» ጋሽ ከድር ነገሩት፤ ፓምፑን፣ ዲስኩን፣ ሁሉንም። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኳት? ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። «ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት። «አልቅሼ ማኑዋል እገዛልሽ ነበር» አለ፤ መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይቅር በይኝ፣ አስኩ» ያለው ግን ቤት ገብተን፣ ብቻችንን ስንሆን ነው። ማኑዋሉን ሱማሌ ተራ መልሰው አንቀበልም አሉት፤ ኮኩ ሥር ተቀምጦ የአባባ ዘለቀ የገበጣ ወንበር ሆኖ ቀረ፣ ግቢያችን እስኪፈርስ።

ጋሽ ከድርም አባባ ዘለቀም ዛሬ የሉም፤ ሁለቱንም በየእምነታቸው ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። ገበጣው ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ነጯ ከብሎካችን ሥር ትቆማለች፤ ዘይቷን የምለካው እኔ ራሴ ነኝ፣ አሙቄ፣ በነጭ መሐረብ። ጎረቤቶቼ «እትዬ አስካለ፣ ይቺን ሸጠው ኤሌክትሪክ አይገዙም?» ይሉኛል። «እናንተ የኔን ዕድሜ ያህል ስትነዱ እናወራለን» እላቸዋለሁ።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት የግራ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደረገ። ሐኪሙ ፍሪሲዮን መርገጥ አበቃ አለው። ያ የአሰብ መስመር አንበሳ ሦስት ወር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ አየ። ሲጠይቁት «ልጆቹ ያደርሱኛል» ይላል፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ በብብት ተይዞ ብድግ የተደረገ ሰው ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ ብዙ ከተንተባተበ በኋላ «አስኩ... ያቺ ነጯ... ሁለት ፔዳል ብቻ ነው አይደል ያላት?» አለኝ።

ዛሬ ከሜክሲኮ ይዤው የመጣሁት ለዚያ ነው። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ዳር ይዤ ቆምኩና ቦታ ተለዋወጥን። መሪውን ያዘ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ ግራ እግሩን እኔ እንደማደርገው ወደ ጥግ ሰበሰበው። «ግራህን እርሳው» አልኩት። ተንቀሳቀሰች። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያ ወንበር ላይ ቀምሼዋለሁ። ወደ ልደታ ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀኝ እጁ ከመሪው ላይ ተነሣ። ወደ ማርሹ ሄደ። እኔም እንደ ድሮው ጯ ላደርገው እጄን አዘጋጀሁ።

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ማርሹን አልነካውም፤ እጄን ጨበጥ አደረገኝና ወደ መሪው ተመለሰ። ልደታ ድረስ ማርሽ እንደያዘች፣ በገዛ እግሩ ነድቶ አወረደኝ።